የሜሪኖው ጠጉር

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ለወለደችው ልጅ መጠየቂያ ሹራብ ልገዛ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነው። ከመደርደሪያው አንዲት ነጭ ሹራብ አውርዶ እጄ ላይ ጣል አደረገልኝና፣ «ይንኩት እማማ፣ ይንኩት እንጂ! ሜሪኖ ነው እኮ። ለሕፃን ገላ ከዚህ የሚለሰልስ ከየት ይመጣል?» አለኝ።

ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው አወቁት። ሹራቧን ፍም የያዝሁ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ወረወርኋት። «ኧረ እማማ፣ ገና ዋጋውን ሳልነግርዎት ደነገጡ!» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። አብሬው ልስቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድሁ፣ ኮምቦልቻ እስክገባ ድረስ እጄን በቀሚሴ ስጠርግ ነበር።

ይህን ነገር ለልጆቼ እየቆራረጥሁ ነግሬያቸው አውቃለሁ፤ ሙሉውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ጽሕፈትም ብዙ አይሆንልኝ። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

የተወለድሁት ሐርቡ ነው፤ ሙቀት ያሳደገኝ ቆለኛ ነኝ። ገና ልጅ እግር ሳለሁ ለኩታበር ሰው ተዳርሁና ደጋ ወጣሁ። ጊዜው ከትልቁ ድርቅ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ስለነበረ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ከወላጆቹ፣ ከአባ እንድሪስና ከእማ ሐዋ ጋር እኖር ነበር። ብርዱን ግን አልቻልሁትም። ጥቅምት ሲገባ ማለዳ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል፤ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጣቶቼ የራሴ አይመስሉኝም። መንደርተኛው ስሜን ትቶ «ቆለኛዋ» ነበር የሚለኝ። እሳት ዳር ተጠቅልዬ ሲያዩኝ እማ ሐዋ፣ «አንቺ፣ ምድጃው ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ? ቆይ መጀመሪያ ድስቱ ይውጣልሽ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ደግ ሴት ነበሩ። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ በጣም ደግ ሴት ነበሩ።

አባ እንድሪስ በግ አርቢ ነበሩ። አረባባቸው ከሰው ይለያል። በድርቁ ጊዜ መንጋቸው ዓይናቸው እያየ አልቆባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ከሚችለው በላይ አንዲት በግ አይጨምሩም። የላይኛውን ግጦሽ ክረምቱን ሙሉ ዘግተው ያሳርፉታል። የበጎቹን ማደሪያ እያዛወሩ በጠጡ ፍግ ሆኖ ማሳውን እንዲያጠግበው ያደርጋሉ። ቄብ በግ ሰውነቷ ሳይጠና አውራ አያስጠጉባትም፤ ግልገልም በራሱ ጊዜ ሣር እስኪለምድ ከእናቱ ጡት አይነጥሉም። ወንዶቹን ደግሞ በጋው ሳይጠና ገና ሥጋ ሳላቸው ይሸጧቸዋል፤ ከስተው ሲንገዳገዱ ማየት ከእንግዲህ አልችልም ይሉ ነበር። ሰው ሞኝ ነው ሲላቸው፣ «አማና ነው፣ አደራ። ነገ አላህ ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው?» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

የግብርና ሰዎች ይህን አያያዛቸውን አይተው ይመስለኛል፣ ከሀገሬው እናት በጎች ጋር እንዲያዳቅሉት አንድ ከውጭ የመጣ የሜሪኖ አውራ ሰጧቸው። በመኪና ሲወርድ መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ጠጉሩ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ አንገቱ ላይ ቆዳው እንደ ካልሲ ተጣጥፏል፣ ከኋላው ግን የሚንጠለጠለው ቀጭን ጅራት ብቻ ነው።

«እንድሪስ፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ብርድ ልብስ የለበሰ ውሻ?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ላቱ የት ሄደ?» አለ ሌላው።

«መንግሥት በልቶት ይሆናላ!»

ሰዉ ሳቁን በመዳፉ አፈነ፤ ያኔ እንዲህ ያለ ቀልድ ጮክ ተብሎ አይሳቅም። ከመንግሥት ስለመጣ ስሙ «ጓዱ» ሆኖ ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በደጃፍ ሲያልፉ ግን ሁላችንም «አውራው» ነበር የምንለው። አባ እንድሪስ እንግዳ ነው ብለው ከሁሉም አስበልጠው ያዙት። የዲቃላዎቹን ጅራት ቁረጡ ተብለው ሳለ፣ አላህ አንዴ የሰጠውን ጅራት እኔ አልቆርጥም ብለው እምቢ አሉ። ዓይኑን የሸፈነውን ጠጉር ግን ማለዳ ማለዳ በጣታቸው ከፈል እያደረጉለት፣ «አሁን አየኸኝ?» ይሉት ነበር።

መዲናን የወለድሁት በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ቆለኛ እናት ያላት ሕፃን ደጋ ላይ እንዴት ታድጋለች ብሎ የማይጨነቅ አልነበረም። የሚመጣው ሁሉ፣ «ሸፍኛት! ብርድ እንዳይመታት!» ብሎኝ ይሄዳል። እኔም ሰው ያለኝን አደርጋለሁ፤ ስለ ብርድ ምን አውቄ!

ጥቅምት ላይ በጎቹን እከክና ቅማል አስቸገራቸው። መድኃኒት መጣና ማኅበሩ ያሠራው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተበጠበጠ፤ በጎቹ ተራ በተራ ሊነከሩበት። ውኃው ወተት መሰለ፤ ሽታው ከሩቅ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ያመጣው ሠራተኛ፣ «መጀመሪያ ሸልቷቸው፤ ከሸለታችሁ በኋላ ንከሯቸው» ብሎ ነበር። አባ እንድሪስ ይህን በጆሯቸው ሰምተዋል። ግን በእኛ መንደር በግ ሳይታጠብ ተሸልቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ መቀሱ ይመጣል። ቆሻሻ ጠጉር ለምትፈትል ሴት መስጠት ነውር ነው። ለአባ እንድሪስ ገንዳው ያው ወንዙ ነበር፤ እንዲያውም ከወንዙ የተሻለ ማጠቢያ። ሠራተኛው የከተማ ልጅ ነውና ቅደም ተከተሉ የተምታታበት መሰላቸው። ጓዱን ለማንም አልሰጡም። ውኃ እንዳያንቀው አገጩን በእጃቸው ደግፈው፣ በሚወዱት በግ ላይ ምንም እንዳይቀር ብለው ደጋግመው ነከሩት።

ጠጉሩ ሲደርቅ ሸለቱት። የሀገሬው በግ ጠጉር ሲሸለት እየተበጣጠሰ ይወድቃል፤ ይሄ ግን አንድ ላይ ተያይዞ፣ ልክ እንደተዘረጋ ኩታ ሆኖ ወጣ። እማ ሐዋ አነሱትና ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን ሻካራ ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «ይሄ ነገር ገላን አይዋጋም እኮ!»

ምርጡን፣ ጀርባው ላይ ያለውን ለይተው ቆረጡና የቀረውን ለፈትል ብለው ማድጋው አጠገብ አስቀመጡት። የቆረጡትን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ይሄ ለቆለኛዋ ልጅ። እናቷን ብርድ ቢበላት እሷን አይበላትም።»

«እማ፣ ይሸታል እኮ።»

«ይሽተት! የመድኃኒት ሽታ ነው። በጉን ከቅማል ያዳነ ልጄን ከቁንጫ አያድናትም?» ብለው በደረቴና በመዲና መካከል ጎሰጎሱት። «ቆለኛ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም ነበር። ሙቀቱ ደስ አለኝ። ያን ቀን ከባቄላ እሸት ጋር ቂንጬ በላሁና፣ ልጄን በዚያ ጠጉር ጠቅልዬ አቅፌ ተኛሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጡት ስሰጣት አልጎርስ አለችኝ። መጀመሪያ ጠግባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከአፏ የሚወርደውን ለሃጭ አየሁ፤ አገጯን አልፎ አንገቷን አርሶታል፣ ብጠርገው ይመለሳል። ግንባሯን ላብ ወርሶታል። ክንዷን ሳነሳው ያለ አጥንት እንደተሠራ ሆኖ ወደቀ። ዓይኗን ከፍቼ ሳይ ብሌኗ ጠቦ ጠቦ የሰናፍጭ ፍሬ አክሏል። የእኔም ራስ ከንጋት ጀምሮ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ግን ማን የራሱን ያዳምጣል?

«እማ! እማ ሐዋ! ልጄን!»

እማ ሐዋ ሮጠው መጡ። አዩዋትና ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ዓይን በልቷታል» አሉ፤ ከዚያ ደግሞ፣ «የለም፣ ብርድ ነው፣ ላቧ ቀዝቅዟል፣ ብርድ መቷታል!» አሉ። ቁርኣን እየቀሩባት፣ እየተነፈሱባት፣ ጠጉሩን እስከ ጆሮዋ አጥብቀው ጠቀለሏት። እኔም ከላይ በነጠላ አሰርሁት። ሁለት እናቶች ተጋግዘን። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይቆማል።

አባ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ነበር። «ደሴ» አሉ። ከመንደር ለመውጣት ከማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ግድ ነበር፤ ሊቀመንበሩን ማን ይፈልግ? እማ ሐዋን ቤት ትተን፣ እኔና አባ እንድሪስ ቁልቁለቱን እየተንደረደርን መንገድ ዳር ወጣን፤ እህል የጫነ መኪና አሳፈረንና ከኋላ ጆንያ ላይ ወጣን። አጠገባችን አንዲት እንቁላል ነጋዴ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ቅርጫቷን በጭኗ መካከል አቅፋ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር፣ «ቀስ! ቀስ በል አንተ! የተጫነው ድንጋይ መሰለህ?» እያለች ሹፌሩን ትሳደባለች። ልጄን ስታይ ግን ስድቡን ተወችው። «እመብርሃን ታውጣልሽ እህቴ» አለችኝ። ነፋሱ ሲበረታ፣ ሸፍኛት ብላ ጠጉሩን እሷም አስተካከለችልኝ።

ደሴ መግቢያ ላይ ኬላ አስቆመን። አንድ ጠብመንጃ ያዥ መኪናው ጎን መጣ።

«ውረዱ! የይለፍ ወረቀት!»

«ጌታዬ፣ ልጅ ታማብን ነው፣ ለወረቀት ጊዜ አላገኘንም» አሉ አባ እንድሪስ።

«ጓድ ይበሉኝ አባት። ጌታ ቀርቷል።»

አባ እንድሪስ አፋቸው ተያዘ። ያ ቃል በአፋቸው የበግ ስም ሆኖ ከርሟል። «ጓ… ጓድ… በአላህ…» ሲሉ ሰውየው ያሾፉበት መስሎት ተቆጣ። ዳር ቁሙ አለን። ኬላው አጠገብ ለገበያ የተነዱ ፍየሎች ቆመዋል፤ ፀሐዩ ሞቋል፣ ዝንቡ አይጣል ነው። እኔ ዳር ላይ ተቀመጥሁ። መዲና መተንፈሷን የማውቀው ጆሮዬን አፏ ላይ ሳደርግ ብቻ ነው፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስላል።

አንዲት ዝንብ ጠጉሩ ላይ አረፈች። ላባርራት እጄን አነሳሁ። ሳልነካት ጥቂት ሄደችና ቆመች፤ ተንቀጠቀጠችና በጀርባዋ ወደቀች። እግሮቿ ወደ ላይ ተወራጩ። ሌላዋ መጣች፣ እሷም ወደቀች። ቀሚሴን አየሁት፤ ጭኔ ላይ፣ ነጠላዬ እጥፋት ውስጥ፣ የልጄ አገጭ ሥር ሳይቀር ዝንብ ወድቋል። እኔ አባርሬያቸው አይደለም። እየሞቱ ነው።

ብርድ ዝንብ አይገድልም። ዓይንም ዝንብ አይገድልም።

ጠብመንጃ ያዡም አጎንብሶ እያየ ነበር። «እንዴ! በልጅ ላይ ፍሊት ይነፋል እንዴ?» አለ።

እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም። ነጠላውን በጥሼ፣ ጠጉሩን ከልጄ ላይ ገፍፌ ወረወርሁት። ልብሷንም አወለቅሁ። ራቁቷን፣ ቀይ ሆና፣ በዚያ ነፋስ ላይ ያዝኋት።

«አበድሽ!» ብለው አባ እንድሪስ ጠጉሩን አንስተው መጡ። «ብርዱ ይገድላታል! ሸፍኛት እልሻለሁ!»

እስከዚያ ቀን ድረስ ፊታቸውን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም፤ ምራት ነኝ። «አይምጡብኝ!» አልኋቸው። «ብርድ አይደለም አባ! ጠጉሩ ነው! ዝንቦቹን ይዩ! በአላህ፣ ይዩዋቸው!»

አዩ። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን አዩ። እንዲያ ያለ ፊት በሕይወቴ ደግሜ አላየሁም። «ነክሬው ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «በዚህ እጄ… አገጩን ይዤ… ላ ኢላሃ ኢለላህ።»

ጠብመንጃ ያዡ ካፖርቱን አውልቆ ዘረጋልኝ።

«ሱፍ ነው?» ብዬ ጮህሁበት። «ሱፍ ከሆነ አታስጠጋብኝ!»

ያ የተቆጣን ሰው ካፖርቱን ይዞ እንደተገረፈ ልጅ ወደ ኋላ አለ። እንቁላል ነጋዴዋ ከመኪናው ላይ ሆና ቅርጫቷን የሸፈነችበትን አቡጀዲ መዥረጥ አደረገችው፤ እንቁላሉ ከነጭዱ ተንከባለለና መሬት ላይ ተሰበረ። «እንኪ! ጥጥ ነው፣ ጥጥ ነው! ትናንት ያጠብሁት!» አለችኝ። ልጄን በእሱ ጠቀለልኋት። ጠብመንጃ ያዡ የመኪናውን በር በመዳፉ ደበደበው፦ «ምን ትጠብቃለህ? ወረቀቱ ይቅር፣ ንዳው!»

ሆስፒታል በር ላይ ያገኘችን ነርስ ልጄን ተቀብላ ጭንቅላቷን አሸተተች። «ምን ነክቷታል?» አለችኝ። የበግ መድኃኒት፣ የመንከሪያ፣ ጠጉሩ፣ ከትናንት ጀምሮ፣ እያልሁ ቃላቱን አዘበራረቅሁባት። ገባት። እየሮጠች ውኃና ሳሙና አዘዘች። ልጄን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ፣ የአንገቷን እጥፋት፣ የብብቷን፣ አንድም ሳይቀር አጠቧት። መርፌ ወጓት፤ ዓይኗን እያዩ ቆዩና ደገሙላት። እኔ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ።

«አንቺስ ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ ነርሷ። «አንቺም ታጠቢ! ቀሚስሽን ጣዪው፣ ጡትሽን በሳሙና እሺ! በዚህ ደረት ልታቅፊያት ነው?»

ታጠብሁ። ከቆዳዬ ላይ ያ ሽታ አልለቅ ሲለኝ ጥፍሬን ተጠቀምሁ። የሆስፒታል ልብስ አልብሰው ሲመልሱኝ አባ እንድሪስን አጣኋቸው። ለካ እማ ሐዋ ያን የቀረውን ጠጉር ለፈትል እያዘጋጁ፣ ቆሻሻውን በጥርሳቸው እየለቀሙ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው፣ መኪና እንኳ ሳይጠብቁ በእግራቸው ወደ ኩታበር ተመልሰው ኖሯል። ደርሰውላቸዋል፤ እማ ሐዋን ሲያስመልሳቸውና ራሳቸውን ሲያማቸው አገኟቸው። ጠጉሩን አርቀው ቀበሩት። ጎረቤቱ ጓዱን እረደው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው ሲላቸው፣ «በጉ ምን አደረገ? የታዘዘውን ሰምቶ እምቢ ያለው እኔ ነኝ» አሉና በጉን አቆዩት። ከዚያ ወዲያ በእኛ ቤት በግ ተሸልቶ እንጂ ሳይሸለት አልተነከረም፤ ከተነከረም በኋላ የሚወጣው ጠጉር በእጅ አይነካም። ሊጠይቁኝ ደሴ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ትልቅ ሰው እግሬ ሥር ተቀምጦ። ብዬዎታለሁ አባ፣ አልኋቸው፤ እውነቴን ነበር።

ዛሬም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው። ማንም ክፉ አልሠራብንም። አባ እንድሪስ በጋቸውን ወደዱ፣ እማ ሐዋ ልጅቷን ወደዱ፣ ነጋዴዋ አዘነችልን፣ እኔ እናት ነበርሁ፤ ሁላችንም በየተራ ያን ጠጉር አጠበቅንባት። ጠላት ቢሆን እጠነቀቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግ እጅ ልጄን ሲነካ እንኳ ቀድሜ የማየው እጁ የያዘውን ነው። ልጆቼ ፈሪ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ መዲና ዓይኗን ከፈተች። ብሌኗ ተመልሷል። ፊቷን አጨማደደችና ጮኸች፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ጮኸች። ነርሷ ሳቀችና አምጥታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ፤ ጡቴን ፈለገች፣ አገኘች፣ ሳበች። ጭንቅላቷን በባዶ እጄ ደገፍሁ። አጠገቤ ለተኛችው ለማላውቃት ሴት፣ «ተርፋለች» አልኋት። «ልጄ ተርፋለች።»

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ በራሴ ቤት ነው። መዲና ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።